ሁለት ጊዜ የተገረፈው ምስክር

ቆልማማው እንጨት ከቀትር በኋላ ከሹሙ ደጅ ተነሥቶ በኦልሾቮ መንገድ መጓዝ ጀመረ። ከዛፍ ሥር የተጠረበ፣ በሦስት ትውልድ መዳፍ ታሽቶ የጠቆረ እንጨት ነው። በስንጥቁ የሹሙ ወረቀት ይሰካበታል፤ የተቀበለው ሰው ያነብና፣ ማንበብ የማይችልም ያስነብብና፣ ወዲያው ለጎረቤቱ ያደርሰዋል። እንጨቱን ቤቱ ያቆየ ሰው ስሙ ዓመት ሙሉ በክፉ ይነሣል። በዚያ ቀን ያቆየው አልነበረም። ድንች በሚለቀምበት እርሻ የነበሩት ሴቶች ጭቃው ባልተራገፈ እጃቸው እየተቀበሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ አሳለፉት። የወረቀቱ ቃል አጭር ነበር፦ «ከየቤቱ አንድ ሰው ወደ ጎተራዬ ይምጣ። ነገሩ የኬምፓ ነው።»

እንጨቱ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ወደ አንዱ፣ ወደ ሽማግሌው ወደ ክሌዎፋስ ዘንድ ሲደርስ ሽማግሌው የባዝራውን ልጓም እየጠገነ ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው። ወረቀቱን አላነበበም፤ ምን እንደሚል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። እንጨቱን ለጎረቤቱ አቀብሎ፣ የእሑድ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ዓመት ጥቅምት ነበር። ጀርመኖች ከምዕራብ፣ ሶቪየቶች ከምሥራቅ ገብተው ሀገራችንን በአንድ ወር ውስጥ ተካፍለዋታል፤ ወሰናቸውም የቡግ ወንዝ እንዲሆን ተስማምተዋል። ቡግ ግን ኦልሾቮ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። በመንደሩ ግርጌ የሚያልፈው ምዕራባዊው ክንድ አሮጌ፣ ሰነፍና ጠባብ ነው፤ በበጋ ስምንት እርምጃ ያሻግራል። ምሥራቃዊው ክንድ ሰፊና ኃይለኛ ነው። በሁለቱ መካከል ኬምፓ ትገኛለች፦ ስድስት ቤቶች፣ ጥቂት አኻያ፣ የተቀረው ሁሉ የድርቆሽ መስክ። ከምዕራቡ ክንድ ወዲህ ያለው ኦልሾቮ ለጀርመን፣ ከምሥራቁ ክንድ ወዲያ ያለው ቶፖሌቮ ለሶቪየት መሆኑ ተቆርጧል። ኬምፓ የማን እንደሆነች ግን የሁለቱ ወገን ካርታዎች ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ ሁለቱ ሻምበሎች፣ የጀርመኑና የሶቪየቱ፣ ነገሩን በጥንቱ የመንደር ወሰን ለመቁረጥ ተነጋገሩ፤ ለዚህም በዕድሜ ከሁሉ የገፋውን ነዋሪ በምስክርነት ጠሩ። ያም ክሌዎፋስ ነው።

በእኛ ዘንድ ወሰን ሲተከል፣ ጉብታው ከመቆለሉ በፊት ከሰልና የጠርሙስ ስባሪ ከሥሩ ይቀበራል፤ ሁለቱም አይበሰብሱምና። ከዚያም ከመንደሩ ልጆች አንዱ በጉብታው ላይ ተጋድሞ በልምጭ ይገረፋል፤ የተገረፈበትን ቦታ እስኪያረጅ ድረስ አይረሳምና። በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ግርፋቱ ሲያበቃ ልጁ ማር የተቀባ ዳቦ ይሰጠዋል፤ ሲያድግም «የወሰን ምስክር» ተብሎ ይከበራል። ክሌዎፋስ የተገረፈው በሰባት ዓመቱ ነበር፤ በምዕራባዊው ክንድ ዳር፣ ቡግ ገና በዚያ በኩል ብቻ ሲፈስ። ያን ጊዜ ኬምፓ የተባለ ቦታ አልነበረም፤ መስኩ የቶፖሌቮ ርስት ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ታላቁ ጎርፍ መጣ። ወንዙ በምሥራቅ በኩል አዲስ መንገድ ቀዶ መስኩን ከቶፖሌቮ ቆረጠው። የኦልሾቮ አባወራዎችም፣ የክሌዎፋስ አባት በፊታውራሪነት፣ ጭጋግ በወረደበት አንድ ማለዳ ጉብታውን ቆፍረው ከሰሉንና ስባሪውን በከረጢት ተሸክመው በአዲሱ ወንዝ ዳር ቀበሩት። በላዩም ጉብታ ቆለሉ። ከዚያ አባትየው የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን በዚያ ላይ አጋድሞ እንደገና ገረፈው። ልጁ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ አባቱ እየገረፈው ሲያለቅስ ማየቱ አስደንግጦት ነበር። የቶፖሌቮ ጌታ ከሰሰ፤ ዳኛው ልጁን «የተገረፍከው የት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም አዲሱን ጉብታ አሳየ። አልዋሸም። ኦልሾቮም መስኩን ወረሰ።

ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ማንም ግን አያነሣውም ነበር።

በሹሙ በቦኒፋሲ ጎተራ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ቆሟል። ቦኒፋሲ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ባርኔጣውን በእጁ የሚያዞር ሰው ነው።

«ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን» አለ ክሌዎፋስ ሲገባ።

«ለዘለዓለሙ» አሉት፤ መንገድም ለቀቁለት።

«አያ ክሌዎፋስ፣» አለ ቦኒፋሲ፣ «ነገ ጧት ሁለቱ ሻምበሎች ይመጣሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው አምጡ ብለዋል። ከእርስዎ የሚበልጡት ሁሉ መቃብር ውስጥ ናቸው።»

«እነሱን ብትወስድ ይሻል ነበር። ሲጠየቁ አይደናገጡም።»

ጎተራው በሳቅ ተሞላ፤ ሹሙ ግን አልሳቀም።

«ነገሩ ቀላል ነው። ምሥራቁን ጉብታ ያሳዩአቸው። ይቆፍሩ፤ ከሰሉም ስባሪውም ይወጣል። ‹እዚህ ተገርፌያለሁ› ይበሉ። ውሸት የለበትም። ኬምፓ ከእኛ ጋር ትቀራለች፤ ድርቆሹም ይተርፈናል።»

«ድርቆሹ ባይኖርስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ባይኖርማ እስከ ገና ላሞቻችንን አርደን እንጨርሳለን፤ ከገና በኋላ እርስ በርሳችን እንተያያለን።»

ፔትሮኔላ፣ ሦስት ላምና አምስት ልጆች ያሏት አንደበተ ስለት ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ይህን ሽማግሌ አላምነውም። ፊቱን እዩት እስቲ፤ የቀብር ቀን መስሏል። ነገ ምላሱ ያዳልጠውና የልጆቼን ወተት የቦልሼቪክ ፈረስ ይበላዋል!»

«ፈረስ ወተት አይበላም፣ ፔትሮኔላ» አለ ሽማግሌው።

«አያችሁ? ለነገር ሲሆን ምላሱ ደኅና ነው!»

«ምላሴ ያንቺ ምላስ ባለፈበት መንገድ ካልሄደ አያዳልጠውም» አለ ክሌዎፋስ። እንደገና ተሳቀ። በሳቁ መካከል ቦኒፋሲ ቀርቦ ክንዱን ያዘና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባትዎ ይህን ያደረጉት ለእኛ ነው። እሳቸውን አያዋርዱ» አለው። ሽማግሌው ክንዱን ከሹሙ እጅ አላቀቀ።

ከጎተራው ሲወጣ ልጁ ሳሎሜያ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቀው ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ኬምፓ ላይ የምትኖር ሴት ናት። ስብሰባው ስለ ኬምፓ ቢሆንም ከኬምፓ ማንም አልተጠራም። ጎን ለጎን ወደ ወንዙ ወረዱ።

«አባባ፣ ምን ብለው ተስማሙ?»

«እኔ አልተስማማሁም። እነሱ ናቸው የተስማሙት።»

«እንግዲያውስ እውነተኛውን ጉብታ ያሳዩልኝ።»

ሽማግሌው ቆመ። «እውነተኛውን ባሳይ በማግሥቱ እዚህ ውሃ ላይ ሽቦ ይዘረጋል። አንቺ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ሌይዞር አለ።»

ሌይዞር የዓሣ ማጥመጃውን በኮንትራት ይዞ ኬምፓ ላይ ሃያ ዓመት የኖረ አይሁዳዊ ነው። ሚስቱ ፍሬይዳ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ከአልጋ የምትነሣው ሰው አንሥቷት፣ የምትገላበጠውም ሰው ገልብጧት ነው። ጀርመኖቹ ከወንዙ ወዲህ ያሉ አይሁዶች ሁሉ እስከ እሑድ ተጠቃለው ወደ ከተማ እንዲገቡ አውጀዋል። ከተማ ውስጥ በመስከረም ምኩራቡ ተቃጥሏል፤ ውሃ ሊቀዱ የወጡ ሁለት ሰዎችም በጉድጓዱ አፍ ላይ ተገድለዋል። ኬምፓ ላይ ገና ወታደር አልረገጠም፤ የማን እንደሆነች አልታወቀምና።

«ሌይዞር ምሥራቁን ይሻገር» አለ ክሌዎፋስ። «ብዙዎቹ ተሻግረዋል።»

«በምን? ጀልባውን ሁሉ አቃጥለውታል። ብቻውን ቢሆን ይዋኝ ይሆናል። ፍሬይዳን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚዋኘው?»

«እንግዲያስ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ እኔ ቤት ግቢ። ወሰኑ ወዲያ ቢሆንም ወዲህ ቢሆንም አብረን እንሆናለን።»

ሳሎሜያ ሻርፗን አጠበቀች። «የተስቦው ክረምት ትዝ ይልዎታል? እኛ ሦስታችንም ወድቀን መንደሩ በራችን ላይ ‹በሽታ አለ፣ አትግቡ› የሚለውን የገለባ ምልክት ሲሰቅል? እርስዎም ያን ጊዜ ታመው ነበር፤ አልወቅስዎትም። ዐሥራ ስምንት ቀን በር ከፍታ የገባች ፍሬይዳ ብቻ ናት። ሾርባ አብልታ፣ አልጋችንን አጥባ። አሁን እሷን ማን ይገላብጣት ብዬ ልምጣ?»

«እኔ አንቺን ብቻ ነው ያለኝ» አለ ሽማግሌው።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ስለዚህ ነው ራሴ የለመንኩዎት። ሌላ ሰው ቢለምንዎት ይቀየሙት ነበር።»

በመሸጋገሪያው ሳንቃ ላይ ወጥታ ወደ ኬምፓ ሄደች። እሱ ጀርባዋን እያየ ቆየ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሻምበሎቹ መጡ። ጀርመናዊው ወጣት ነው፤ ጭቃ ቦት ጫማውን እንዳይነካበት ሣር እየመረጠ ይራመዳል። ሶቪየቱ ጎልማሳ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ እየቆረጠመ ልጣጩን የሚተፋ ሰው ነው። ከመካከላቸው ሁለቱንም ቋንቋ ከእኛው ቋንቋ ጋር የሚያውቅ መነጽራም አስተርጓሚ አለ። መንደሩ በሙሉ ሳንቃውን ተሻግሮ ተከተላቸው። የኬምፓ ሰዎችም ከየቤታቸው ወጡ። ሌይዞር በደጁ ላይ መረብ ይጠግን ነበር፤ ቀና አላለም፤ እጆቹ ግን መርፌውን ይዘው ቆመዋል።

ክሌዎፋስ መስኩን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ምሥራቁ ጉብታ መራቸው። ቦኒፋሲ ከኋላው ሲተነፍስ ይሰማዋል። ሳሎሜያ ከሰዎቹ መካከል ነበረች፤ አባቷ ወዴት እንደሚሄድ ባየች ጊዜ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሁለት ወታደሮች ቆፈሩ። በክንድ ጥልቀት ከሰሉ ወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴው የጠርሙስ ስባሪ። ጀርመናዊው ፈገግ አለ። ሶቪየቱ ልጣጩን ተፋ።

«ይህ ምንድን ነው ይላሉ ሻምበሉ?» አለ አስተርጓሚው።

«ምስክር ነው። አይበሰብስም።»

«አንተስ?»

«እኔ እየበሰበስኩ ነው፤ ግን ተገርፌያለሁ።» ልማዱን አስረዳቸው። አስተርጓሚው ሲተረጉም ሁለቱም ሻምበሎች በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ በዚያ ጧት አንድ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ነበር።

«እዚህ ቦታ ላይ ተገርፈሃል?»

«አዎን።»

«በአምላክህ ስም?»

ባርኔጣውን አወለቀ። «በአምላኬ ስም። እዚህ ቦታ ላይ ተገርፌያለሁ።»

ቦኒፋሲ በረጅሙ ተነፈሰ። ፔትሮኔላ አማተበች። ጀርመናዊው ከቦርሳው ካርታውን አውጥቶ በወታደሩ ጀርባ ላይ ዘረጋው፤ እርሳሱንም አነሣ።

የተጠየቀው ያ ብቻ ነበር። ክሌዎፋስ ባርኔጣውን መልሶ ቢደፋ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ውሸት አልተናገረም፤ ልጁም ወዲህ ትቀርለት ነበር። አባቱም ይህን አውቆ ነው ያን ልምጭ ያነሣው፤ ልጁ ሳይዋሽ ሐሰት እንዲመሰክር። ሽማግሌው የአባቱን እንባ አሰበ። አባቱ ያለቀሰው ለልጁ ጀርባ አዝኖ ነው ብሎ ስልሳ ሦስት ዓመት አምኖ ኖሯል። አሁን በባዶ ራሱ ነፋሱ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አባቱ በዚያ ማለዳ የልጁን እውነት እየወሰደበት መሆኑን ማወቁ ነው ያስለቀሰው ብሎ አሰበ።

«ሻምበል፣» አለ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የተገረፍኩት።»

አስተርጓሚው ዘወር አለ። «ምን?»

«እዚህ የተገረፍኩት በሁለተኛው ጊዜ ነው። ጉብታው ከተወሰደ በኋላ። መጀመሪያ የተገረፍኩት በአሮጌው ክንድ ዳር ነው። ወሰኑ እዚያ ነው።»

«አያ ክሌዎፋስ!» አለ ቦኒፋሲ።

«ይህ ሰው ጃጅቷል!» ብላ ፔትሮኔላ ጮኸች። «አንሶላው ላይ የሚሸና ሽማግሌ ነው፤ አትስሙት!»

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመው። ሶቪየቱ ሻምበል ፍሬ መቆርጠሙን አቁሞ ሽማግሌውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየው። «ማስረጃ አለህ?»

«አለኝ። ከሰሉን ያወጡት አባቴና ጓደኞቹ ናቸው። ከሥሩ ግማሽ የወፍጮ ድንጋይ ነበረ፤ መስቀል የተቀረጸበት። ስድስት ወንዶች ሆነው ማንሣት አቃታቸው። ትተውት ሄዱ።»

መስኩን መልሰው አቋረጡ። በአሮጌው ክንድ ዳር፣ ካረጀ አኻያ ሥር፣ ሽማግሌው በዱላው ምልክት አደረገ። ወታደሮቹ ጊዜ ወሰደባቸው፤ የዛፉ ሥር አስቸገራቸው። መጨረሻ ላይ የአካፋው ብረት ድንጋይ መታ። ጭቃውን በእጃቸው ሲጠርጉት መስቀሉ ታየ።

ጀርመናዊው ሻምበል ስድስቱን ቤቶች፣ ረግረጉን፣ ቀጥሎም ሰዓቱን ተመለከተ። አንድ ነገር በአጭሩ ተናገረ።

«‹ለዚህ ጭቃ ምሳዬን አላሳልፍም› ይላሉ» አለ አስተርጓሚው፤ ወዲያውም ይህን መተርጎም እንዳልነበረበት ገባው። እርሳሱ በካርታው ላይ በምዕራባዊው ክንድ በኩል ሄደ። ሁለቱም ፈረሙ።

መንደርተኛው በሳንቃው ላይ ሲመለስ እያንዳንዱ ሰው በክሌዎፋስ አጠገብ አለፈ፤ ማንም ግን አላናገረውም። ፔትሮኔላ እንኳ አልተሳደበችም። ቦኒፋሲ ከሁሉ በኋላ ቀረ። «ስንቱ ሕፃን በዚህ ክረምት እንደሚራብ ያውቃሉ?» አለው።

«አውቃለሁ፣ ቦኒፋሲ።»

«እንኳን አወቁት።»

ሳሎሜያ መጥታ አባቷን አቀፈችው። የሚናገሩት ብዙ ነበር፤ ወታደሮቹ ግን ግንድ መትከል ጀምረው ስለነበር «ወደየቤታችሁ!» ተባለ። ሽማግሌው ተሻገረ። ከኋላው ሳንቃውን አነሡት።

በኅዳር ኦልሾቮ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ላሞች ታረዱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክሌዎፋስ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው መቀመጥ አቆመ። ቆልማማው እንጨትም ከጎረቤቱ ቤት ተነሥቶ የእሱን ደጅ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር፤ ይህ በመንደራችን ለሕያው ሰው ተደርጎ አያውቅም። እሱ አልተከራከረም። የፔትሮኔላ ታናሽ ልጅ በታመመ ጊዜ የማር ማሰሮውን ደጇ ላይ ትቶ ሄደ፤ ማሰሮው በማግሥቱ በእሱ አጥር ላይ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማሩ ግን ተጠርጎ ተበልቷል።

ከወሰኑ ማዶ ላለ ሰው ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በግንዶቹ ላይ ተለጥፏል። የጣሰ ይታሰራል።

ውሃው ዳር ዳሩን በረዶ በያዘበት በአንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ክሌዎፋስ ባዝራውን ሊያጠጣ ወረደ። ጀርመናዊው ዘበኛ፣ አፍንጫው በብርድ የቀላ ሽማግሌ ወታደር፣ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ቆሟል። በማዶ ሳሎሜያ ላሟን እየነዳች መጣች። አባቷን አየችው፤ ምንም አላለችውም። ወደ ላሟ ጎንበስ ብላ ግን ጮክ ብላ መናገር ጀመረች።

«ጠጪ፣ ክራሱላ፣ ጠጪ። ፍሬይዳ ዛሬ ማንኪያዋን በገዛ እጇ ያዘች፤ ሰማሽ ወይ? ሌይዞር ደስ ብሎት አለቀሰ። አሁን ሦስት ወታደሮች መጥተው ቤቶቹን መዘገቡ፤ ከዚያ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ ትንሿ ጥርሷ ወልቋል።»

ላሟ ጠጣች። ዘበኛው ዘወር ብሎ አየና ሴት ላሟን እያናገረች እንደሆነ አይቶ ፊቱን መለሰ።

ክሌዎፋስ ወደ ዘበኛው ገልመጥ አለ። ከዚያ በባዝራዋ አንገት ላይ እጁን አሳርፎ፣ «ሰማሽ፣ እናቴ?» አላት። «ማንኪያ ያዘች። እኔም ደኅና ነኝ። ሳሌ ለቆኛል። እንጨት ፈልጫለሁ፤ እስከ የካቲት ይበቃኛል።»

ከኋላው የባልዲ ድምፅ ሰማ። ቦኒፋሲ ነበር። ሹሙ ውሃ ሊቀዳ የመጣ መስሎ ዳሩ ላይ ቆመ፤ ባልዲውን ግን አልነከረውም። ታላቅ ወንድሙ፣ እግሩ የሚያነክሰው ፊሌሞን፣ ኬምፓ ላይ ከሦስተኛው ቤት ይኖራል። ቦኒፋሲ ወደ ክሌዎፋስ ሳያይ ወደ ባዝራዋ ቀረበ፤ ባርኔጣውንም በእጁ አዞረ።

«አንቺ ፈረስ፣» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከባለቤትሽ ጋር አልነጋገርም። አንቺን ግን አልተጣላሁሽም። ለዚያች ላም ንገሪልኝ፤ የፊሌሞን ጉልበት እንዴት ነው በይልኝ።»

ባዝራዋ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። በማዶ ሳሎሜያ የላሟን ጀርባ እየደባበሰች ነበር።

«የፊሌሞን ጉልበት ያው ነው፣ ክራሱላ» አለች። «ወጥቶ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ወንድሙን ይሳደባል።»

ቦኒፋሲ ጎንበስ ብሎ በባልዲው በረዶውን ሰብሮ ውሃ ቀዳ።

«ከተሳደበስ ደኅና ነው» አላት ባዝራዋን፤ ባልዲውን አንሥቶም ዳገቱን ወጣ።